የጋሼ እሺ

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይላሉ ጋሼ። በውሃ መሥሪያ ቤቱ መቆጣጠሪያ ክፍል ያረጁ ሰው ናቸው፤ እኔን ሥራ ያስገቡኝም ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። በዚህ ሁሉ ዘመን እምቢ ሲሉ የሰማ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ፓምፕና ቫልቭ የሚያንቀሳቅስልን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲገባ ደንቡን የማወጣው እኔ ሆንኩ። የቱን መሣሪያ በራሱ ይንካ፣ የቱን ሰው አስፈቅዶ፣ የቱን ደግሞ ጭራሽ አይንካ የሚለውን ማለቴ ነው። እኛ ትሁት ነው የምንለው፤ ሲጠይቅ አንጀት ይበላል። «ጌታዬ፣ ካላስቸገርኩዎ ይህን ቫልቭ እንድከፍት ቢፈቅዱልኝ?» ይላል። ጋሼ እንዲህ ተለምነው እንዴት ይከልክሉ? ስክሪኑ ላይ «እሺ» የምትለዋን ይጫናሉ። አንዳንዴ አንብበው ሳይጨርሱ ይጫናሉ።

ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት የላይኛውን ሰፈርና ሆስፒታሉን የሚያጠጣው ሁለተኛው ገንዳ ሊታጠብ ሲል የውሃ መግቢያውን ቫልቭ ከትሁት እጅ አወጣሁት። አጣቢዎቹ ወጥተው እኔ እስክመልስለት ድረስ ማንም እሺ ቢለው እንዳይከፍት አደረግሁ። ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? እርስዎን ፈርቼ ነው ልበላቸው? ወደ ገንዳው ከወረዱት ሁለት ሰዎች አንዱ ግን ታናሽ ወንድሜ ነው፣ የእናቴ ልጅ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ በሬን ሳያንኳኩ ገቡ። ፊታቸው ተለዋውጧል።

«ቆልፈሽብኛል?» አሉ።

«ቫልቩን ነው የቆለፍኩት፣ ጋሼ።»

«የላይኛው ሰፈር ውሃ ጠብ አይልም። ሆስፒታሉም እያለቀበት ነው። ትሁት ልክፈት እያለ ነው፣ አንቺ አስረሽዋል።»

«ሰዎች እኮ ገንዳው ውስጥ ናቸው።»

«ወጥተዋል። አሁን ለወንድምሽ ደውዬለት ወጥተናል ብሎኛል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ባመንኩ። ወንድሜ ግን አልጋው ውስጥ ሆኖ «ታክሲ ይዣለሁ» የሚል፣ ካልሲውን እየፈለገ «በሩ ላይ ነኝ» የሚል ፍጡር ነው። ክፋት የለበትም፤ የጠየቀውን ሰው ማስቀየም አይሆንለትም። ጋሼ ደግሞ ደውለው «ልጄ፣ ወጥታችኋል አይደል?» ብለው ነው የሚጠይቁት። እንዲህ ተጠይቆ «አይ፣ ገና ነን» የሚል አንደበት አልተፈጠረለትም።

ደወልኩለት። ይጠራል፣ አያነሳም።

የጠረጴዛዬ ስልክ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው። ጋሼም ይስሙ ብዬ ድምፁን ለቀቅሁት።

«የሆስፒታሉ ሰዎች እየጮኹብኝ ነው» አለ። «ጋሼ ወጥተዋል ካሉ ወጥተዋል። ክፈቺ።»

«ሁለቱንም በዓይኔ ሳላይ አልከፍትም። ለሆስፒታሉ የውሃ ቦቴ ይላክለት።»

«ቦቴው እስኪደርስ አንድ በሽተኛ ቢሞት ማን ሊጠየቅ ነው?»

ይህችኛዋ ወጋችኝ። እውነቱን ነው፣ እዚያም ሰው አለ። ጣቴ ማውሱ ላይ ነበር፤ አንዴ ብጫነው ከሁሉም ንዝንዝ እገላገላለሁ። ግን የቫልቩ የእጅ መዝጊያ ከዛገ ቆይቷል። ውሃው አንዴ ከተለቀቀ ገንዳው አፍ ላይ ቆሞ የሚያስቆመው ሰው የለም።

ጋሼ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። «እኔ ውሸታም ነኝ?» አሉ ቀስ ብለው። «ለዚህ ወንበር ያበቃሁሽ ሰው ነኝ። በይ ለእኔ ስትዪ።»

ለእኔ ስትዪ። በዚህች ቃል ስንቱ ነገር ተበላሽቷል። ደሜ ፈላ።

«አላምንዎትም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ወንድሜንም አላምነውም። ሁለታችሁም እምቢ ማለት አታውቁም።»

ወዲያው ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ። ግን አልመለስኩትም። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ደግሜ ደወልኩ፣ አሁን በቪዲዮ። ተነሳ። ጨለማ ነው፤ የወንድሜ አገጭ ብቻ ይታያል።

«የት ነህ?»

«ወጥተናል እኮ» አለ። ድምፁ ያስተጋባል።

«ፀሐይዋን አሳየኝ።»

ስልኩን አዞረው፤ አገጩም ጠፋኝ።

«አንተ፣ ፀሐይዋን አሳየኝ ነው የምልህ።»

«ልንወጣ ነው። ጓደኛዬ ተንሸራትቶ እግሩ ወለም ብሎታል፣ እስከ መሰላሉ እየደገፍኩት ነው። ጋሼን ላለማስጨነቅ ብዬ ነው።»

ጋሼ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ወንድሜን ስልኩን እንዳትዘጋ አልኩት። መሰላሉን ሲወጡ ትንፋሻቸውን እየሰማሁ ጠበቅሁ። የሆስፒታሉ መስመር ግፊት ስክሪኑ ላይ መውረዱን አላቆመም። መጀመሪያ ጓደኛው ወጣ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ከዚያ ወንድሜ፣ ከፀሐይዋ የተነሳ ዓይኑን ጨፍኖ። ሁለት ሰው መቆጠር የሚያስፈልገው ይመስል ደጋግሜ ቆጠርኳቸው። ከዚያ ቫልቩን ለትሁት መለስኩለት። «ስለ ፈቃድዎ አመሰግናለሁ» ብሎ ከፈተ፤ ግፊቱ ቀስ በቀስ መነሳት ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ዘጋ።

ጋሼን ይቅርታ ልጠይቅ ዞርኩ።

«ተይው» አሉ። «ለወንድምሽ የደወልኩት እኮ በኋላ ነው።»

«ከምን በኋላ?»

«ከተጫንኩ በኋላ። ትሁት ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩት። ያንቺ ቁልፍ ሲመልሰው ነው ውስጥ ሰው መኖሩ ትዝ ያለኝ። ወንድምሽ ወጥተናል ሲለኝ የተቆጣሁ መስዬ መጣሁብሽ እንጂ ያደረግሁት አስፈርቶኝ ነበር።»

እስከዚያች ሰዓት የተከራከርኩት ሊከፈት ስለሚችል ቫልቭ መስሎኝ ነበር። በጋሼ በኩል ግን ከተከፈተ ቆይቷል።

«ስሜን ከፈቃጆቹ ዝርዝር አውጪልኝ» አሉ። «ይከፋቸዋል ብለሽ እንዳትተዪው።»

ወንድሜ ከስልኩ ውስጥ «ሄሎ፣ ሄሎ» ይላል፤ ለካ አልዘጋሁትም። ስማቸውን አወጣሁ። ስክሪኑ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ሲጠይቅ ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፣ እስከ መጨረሻው አነበቡና ራሳቸው ተጫኑት።