ጎርፋችንን ለማያውቅ እንግዳ

ኡሙልኸይር የሞተችው በየካቲት መጀመሪያ ነው። ዘጠኝ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ተጋርተናል፤ እሷ ዘንድሮ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ፣ እኔ የስፖርት። ሐኪም ቤት ልጠይቃት ስሄድ ስለ ሕመሟ አላወራችኝም። በስሜ ጠርታ «እንዳለው፣ ልጆቼን እንዳይበትኑብኝ» ነው ያለችኝ። ልጆቼ የምትላቸው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራቸው እያለፈች ያስተማረቻቸውን ስልሳ ሁለት ተማሪዎቿን ነው።

ከቀብሩ በኋላ ርእሰ መምህሩ አቶ አራጌ ጠሩኝ። ምትክ አስተማሪ ስለሌለ ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ይግቡ አሉ። እኔ ላስተምራቸው አልኩ።

«አንተ? በፊሽካ?»

«በፊሽካም ቢሆን።»

ሳቁ፤ ግን ሁለት ሳምንት ሰጡኝ። «የመጨረሻው አርብ ራሴ መጥቼ አያለሁ። ካልሆነ ይከፈላሉ።»

ኡሙልኸይር ትምህርቷን የምታዘጋጀው ስልኳ ላይ ባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ዓመት ሙሉ አይቻታለሁ፤ ሲያዩት ቀላል ነው። እኔም በስልኬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ለአራተኛ ክፍል ስለ ጎርፍ የአርባ ደቂቃ ትምህርት አዘጋጅ።» ወዲያው አዘጋጀልኝ። ዓላማው፣ መግቢያው፣ የቡድን ሥራው፣ መልመጃው፣ ሁሉም በየቦታው ነው። ደስ አለኝና እንዳለ ገለበጥኩት።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ «ጎርፍ ሲመጣ ምን እናደርጋለን?» አልኩና መልሱን ራሴ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ ከፍ ወዳለ ቦታ እንሸሻለን።

ከፊት የምትቀመጥ ሂባ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የእርስዎ አገር ሰው ጎርፍ ይፈራል?»

«እናንተስ አትፈሩም?»

«አባቴ ጎርፍ መጣ ሲባል አካፋ ይዞ ወደሱ ነው የሚሮጠው!»

ስልሳ ሁለቱም ሳቁ። እኔ የደጋ ልጅ ብሆንም ቆላ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። የዚህ አገር ማሽላ የሚደርሰው ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈው ወደ ማሳ ሲያስገቡት እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ለስልኩ ግን አልነገርኩትም። ያልነገርኩትን ከየት ያምጣው?

«ቲቸር ኡሙልኸይር እንዲህ አይሉም ነበር» አለ አንዱ ከኋላ። ያኔ ማንም አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ ደብተሯን ከመሳቢያው አወጣሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ እንዳትቸገር ለስልኩ የምትለውን አስቀድማ በወረቀት ትጽፍ ነበር። የሁሉም ገጽ አጀማመር አንድ ነው፦

«ሰላም ለአንተ ይሁን። ያለሁት ቆቦ ነው። ልጆቼ ስልሳ ሁለት ናቸው፤ መጽሐፍ ለሦስት አንድ ነው። ማሽላ፣ ግመልና ጎርፍ ያውቃሉ፤ ባቡርና ባሕር በሥዕል ብቻ። ባለ ቀለም ወረቀት የለንም፤ አፈርና ጠጠር ሞልቷል። ለእነዚህ ልጆች አዘጋጅልኝ። ያላወቅኸውን ጠይቀኝ እንጂ አትገምት።»

አንድ ጊዜ «ለማሽን ይህን ሁሉ?» ብዬ ስቄባታለሁ። ግመል እየነዱ ቆቦ ገበያ የሚመጡትን አፋሮች አነሳችብኝ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ቢቸኩሉ እንኳ፣ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ሳይነጋገሩ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። ዳጉ ይሉታል። «ይሄም መንገደኛ ነው» አለች ስልኳን እያሳየችኝ። «ብዙ አገር ዞሯል፤ እኛ ጋ ግን አልደረሰም። መጀመሪያ ወሬ፣ ከዚያ ጉዳይ።»

የእሷን ገጽ ስልኬ ላይ ገልብጬ ስለ ጎርፍ የሚለውን ጥያቄዬን ጨመርኩበት። በዚህ ጊዜ ስልኩ እቅድ አላመጣም፤ ጥያቄ አመጣ። ውሃው ስንት ሰዓት ይቆያል? ቀድሞ የሚያጠጣው ማን ነው? ተራውን የማያከብር ሰው ምን ይደረጋል? አንዱንም አላውቅም።

የሚያውቅ ሰው ግን አውቃለሁ። በሚኒባስ ወደ ጎረቤት ከተማ ሮቢት ሄድኩ፣ ወደ ኡሙልኸይር አባት ወደ አባባ ሙሀመድሰይድ። በጎሊና ወንዝ የጎርፉን ተራ ሲያስከብሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ከቤት አይወጡም፤ ማንም ቢጠይቃቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዝም ነው።

ጥያቄዎቹን አነበብኩላቸው።

«ጠያቂው ማን ነው?»

«ስልኩ ነው፣ አባባ።»

«አራሽ ነው?»

«አይደለም። ኡሙልኸይር የምታወራው ነው።»

ቀና አሉ። «ለካ ለዚህ ኖሯል! ባለፈው ክረምት እዚሁ ቁጭ ብላ፣ የአባቷን እርሻ አይታ እንደማታውቅ ጥያቄ ስታበዛብኝ፣ ይቺ ልጅ ምን ነካት ብዬ ነበር። በል ጻፍ።»

ጻፍኩ። የላይኛው ማሳ ቀድሞ ያጠጣል፤ ሲጠግብ ግን ባለቤቱ ውሃውን ያገደበትን ክትር አፍርሶ ለታችኛው ይለቃል። ጎርፉ አንዳንዴ ሁለት ሰዓትም አይቆይም። አልለቅም ያለ ሰው በሚቀጥለው ጎርፍ ተራው ይታለፋል። ሁሉንም ለስልኩ ነገርኩትና እቅዱ መጣ። አንድ ስህተት ነበረበት፤ ክትሩን በሲሚንቶ አሠርቶታል።

አባባ ሙሀመድሰይድ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ንገረው እንጂ፤ በአሸዋና በቅርንጫፍ ነው!» ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ስወጣ ትምህርቱ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።

የተባለው አርብ ደረሰ። ልጆቹ ስምንት ቡድን ሆነው በግቢው ተዳፋት ላይ ቦይ ቆፈሩ፣ ክትር ሠሩ፣ ማሳቸውን በጠጠር አጠሩ። ለሁሉም ያለው አንድ ጀሪካን ውሃ ነው። ለየማሳው ስንት ሊትር እንደሚደርስ አስቀድመው አስልተዋል። ፊሽካዬን ነፋሁና ውሃውን ከላይ ለቀቅኩት።

«ልቀቅ! ማሳህ ጠግቧል እኮ!»

«ገና ነው!»

«ቲቸር፣ ይሄ ሌባ ነው!»

አቶ አራጌ ከታች ቆመው ያያሉ። አንድ ባጃጅ በር ላይ ቆመና አባባ ሙሀመድሰይድ ወረዱ። ቀስ ብለው መጥተው በዱላቸው የሂባን ክትር ነካ አደረጉ።

«ልጄ፣ ማሳሽ ጠግቧል። አፍርሺው።»

ሂባ ቀና ብላ አየቻቸውና ክትሯን በእግሯ አፈረሰች። ውሃው ወርዶ የአቶ አራጌን ጫማ አረሰረሰው፤ የታችኞቹ ቡድኖች በደስታ ጮኹ።

አቶ አራጌ ጫማቸውን እያራገፉ ወደ እኔ መጡ። «ልጆቹ እዚሁ ይቆዩ» አሉ። «ለሌሎቹ ክፍሎች መምህራን እቅዱንና ለስልኩ የጻፍከውን ስጣቸው።»

«ከነሰላምታው?»

«ከነሰላምታው።»

ሰኞ ለሚቀጥለው ትምህርት በደብተሯ ላይ አዲስ ገጽ ጀመርኩ። «ልጆቹ ስልሳ ሁለት ናቸው» ካልኩ በኋላ «መምህራቸው ኡሙልኸይር ነበረች» የሚል ጨምሬ ስልኩ ላይ ገለበጥኩት። ስልኩ፣ ያላወቅኸውን ጠይቅ ስለተባለ፣ ምን ዓይነት መምህር እንደነበረች ጠየቀኝ።

በዚያ ሰዓት የማስተምረው ክፍል አልነበረኝም። ቁጭ ብዬ ነገርኩት።