ስሙ የማይጠየቅ መድኃኒት

ፀዳለ አንድ ነገር ካልገባት እህል አይወርድላትም። አንዳንዱ ሰው ለምግብ ይስገበገባል፣ አንዳንዱ ለልብስ፤ እሷ ለማወቅ ነው። ጎረቤት ወጥ ሲሠራ በአጥር የሚሾልከውን ሽታ ታሸትና፣ «ዛሬ ኮረሪማ አብዝተዋል» ትላለች። ሄዳ ጠይቃ ካላረጋገጠች ደግሞ አርፋ አትቀመጥም። ታዲያ እንዲህ ያለችውን ሴት እግዜር የት ጣላት? የቀራንዮ ሰፈር በሙሉ የሚጠጣውን፣ ግን አንድም ሰው ስሙን የማይጠይቀውን የሳል መድኃኒት የሚቀምሙ አማት ቤት! እሱም ቀልድ ያውቃል መቼም።

አማቷ እማማ ብዙነሽ ይባላሉ። በልጅነታቸው ከጎጃም መጥተው ቀራንዮ መድኃኔዓለም አጠገብ ጎጆ የቀለሱ፣ ባላቸውን ቀብረው አንድ ልጃቸውን ዳኛቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ዳኛቸው የፀዳለ ባል ነው። የአውራ ጎዳና ሠራተኛ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ወለጋ መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ቤቱ እንግዲህ የሦስት ሴቶች ቤት ነበር፤ የእማማ ብዙነሽ፣ የፀዳለና የአራት ዓመት ልጇ የዘመነች።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ የስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ክረምት ክፉ ክረምት ነበር። ጉሙ ከወጨጫ ወርዶ እስከ ረፋድ አይነሣም። ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያስላል፤ በየአጥሩ «እህ! እህ!» ነው፣ በየአጥሩ «ይማርሽ፣ ይማርህ» ነው። ጧት ጧት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው እማማ ብዙነሽ ደጃፍ ይቆማሉ።

እማማ ብዙነሽም መድኃኒቱን ዝም ብለው አያድሉም። መጀመሪያ የልጁን ጀርባ ይገልጡና ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ግራውን፣ ቀኙን፣ ከብብት ሥር። «ተንፍስ የኔ ጌታ፤ አሁንም ተንፍስ» ይላሉ። ከዚያ ለብዙዎቹ ከጥቁሩ ጠርሙስ በስኒ ቀድተው ይሰጣሉ። ለአንዳንዱ ግን ራሳቸውን ይነቀንቁና፣ «የኔ መድኃኒት ለዚህ አይስማማውም። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ይላሉ። የጎረቤታቸውን የጉዲቱን ልጅ እንዲህ ብለው ቢመልሱት፣ ሐኪም ቤት አስተኝቶ በመርፌ አዳነው። ሰፈሩ ይህን ሲተረጉም «መድኃኒቱ ሰው ይመርጣል» ይላል። ፀዳለም እንደ ሰፈሩ ታምን ነበር።

የመድኃኒት ወጉ ይታወቃል። የሰጠ አይናገርም፣ የተቀበለ አይጠይቅም፤ «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳን አይባልም። ስሙ ከተነገረ ይረክሳል። ፀዳለ ወጉን ታከብራለች፤ አፍንጫዋን ግን ምን ታድርገው? በሦስት ዓመት ውስጥ አምስቱን ለይታለች፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝና ማር። ስድስተኛው እምቢ አላት። ጉሮሮ ላይ ሲደርስ የሚያቀዘቅዝ፣ አፍንጫ የሚከፍት አንድ ነገር አለበት። ዳማከሴ አይደለም፣ ባሕር ዛፍም አይደለም። ግንቦት ላይ አላስችል ብሏት ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች።

«እማማ፣ ያ የሚያቀዘቅዘው ምንድን ነው? ለማንም አልናገርም።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍንጫሽን ሰብስቢ!» አሉና ሁለት ቀን አኮረፏት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዘመነች አሳላት። ፀዳለ እንደ ማንኛዋም እናት ቤት ያፈራውን ሁሉ ሞከረች። ዳማከሴ ጨምቃ በቡና አጠጣቻት፣ ፌጦ አሸታ አናቷን ቀባቻት፣ ባሕር ዛፍ አፍልታ በብርድ ልብስ ሸፍና አጠነቻት። ሳሉ ግን እየወፈረ ሄደ። በሳምንቱ ልጅቷን ይዛ አማቷ ፊት ተቀመጠች፤ በአንድ ጣራ ሥር እየኖረች እንደ ጎረቤት ተራ ጠብቃ።

እማማ ብዙነሽ የልጅ ልጃቸውን ጀርባ ገለጡ። ጆሯቸውን ለጠፉ። ቀኙ ላይ ሲደርሱ ቆዩ፤ በጣም ቆዩ። ከዚያ ቀሚሷን ቀስ ብለው መለሱና ወደ ምድጃው ዞሩ።

«አልሰጥም» አሉ።

«ምን አሉ?»

«አልሰጥም አልኩ እኮ። ሙቅ ነገር ስጫት፤ አስተኛት።»

«ለምን እማማ? ለአገር ሁሉ እየሰጡ?»

እማማ ብዙነሽ እንጨቱን ገፋ ገፋ አደረጉ፣ የሌለ አመድ ጠረጉ፣ ቀና ብለው ግን አላዩዋትም። ፀዳለ ልጇን አቅፋ ጓዳ ገባችና አለቀሰች። እንባዋ ሳይደርቅ ደግሞ አእምሮዋ እንደ ልማዱ ነገር መፍተል ጀመረ። በሽታው ክፉ ቢሆን «ሐኪም ቤት ውሰዱት» ይሉ አልነበር? ለባዳ የሚሉትን ለልጃቸው ልጅ ያስቀራሉ? አላሉም፤ ስለዚህ ክፉ አይደለም። ክፉ ካልሆነ መድኃኒቱን የከለከሏት ለምንድን ነው? ለግንቦቱ ጥያቄ! ቂም ይዘው ነው! ሒሳቡ ሁሉ ገጠመላት፤ የገጠመላት መስሏት።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ፀዳለ ግን ማጭዱን ራሷ አነሣች። «እሳቸው ባይሰጡኝ እኔ እቀምመዋለሁ» አለች። አምስቱ በእጇ ነው፤ የጎደላት አንድ ነው።

ሐምሌ ሃያ ሰባት፣ የመድኃኔዓለም ለት፣ እማማ ብዙነሽ ገና በጧቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ፀዳለ ልጇን አዝላ ጥግ ላይ ካለው ከአልፊያ ሱቅ ማር ልትገዛ ወጣች። አልፊያ ማሩን እየመዘነች የዘመነችን ሳል ሰማችና አዘነች።

«እንኪ እናቴ» ብላ ከብልቃጡ አንድ ነጭ ከረሜላ አወጣችላት። ለፀዳለም ነገረቻት። «ሚንቱን ነው የሰጠኋት፤ አማትሽ የሚወዱትን። ጥርስ የላቸው፣ እንዴት እንደሚበሉት እንጃ እንጂ፣ በየሳምንቱ አንድ እፍኝ ይወስዳሉ።»

ፀዳለ ከረሜላውን ከልጇ እጅ ተቀብላ አሸተተችው። ከዚያ ነከሰችው። ጉሮሮዋ ቀዘቀዘ፣ አፍንጫዋ ተከፈተ።

«አበስኩ ገበርኩ!» አለች። ሱቁ መሐል ቆማ እስክትንፈራፈር ሳቀች። የአባት የአያት መድኃኒት! ሦስት ዓመት ሙሉ ያስጨነቃት ምሥጢር! አልፊያ የሚያስቀው ምን እንደሆነ ብትጠይቃትም አልመለሰችላትም፤ አንድ እፍኝ ከረሜላ ገዝታ በጭቃው እየተንሸራተተች ወደ ቤቷ ከነፈች። የማወቅ ደስታ ክፉ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ያስረሳል።

ዝንጅብሉን ወቀጠች፣ ሽንኩርቱን ጨመረች፣ ጤና አዳሙንና ጦስኙን አፈላች፣ ከረሜላውን በማር አቀለጠች። አሸተተችው፤ ራሱ ነው! ቁርጥ እሱን! ለዘመነች በስኒ ሰጠቻት። ልጅቷ ወደደችው። ያን ቀን ሳሉ ላላ አለላት፣ እንቅልፍም ወሰዳት። በማግሥቱም ደገመቻት። ፀዳለ አማቷን ባየች ቁጥር ሳቋ ይመጣባታል፤ «ቆይ ብቻ፣ ልጄ ትዳንና ያኔ እናወራለን» ትላለች በሆዷ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ዘመነች አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ሰውነቷ እሳት ሆኗል። አፍንጫዋ ክፍት ክድን ይላል፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከጎድኗ ሥር ሥጋዋ ወደ ውስጥ ይገባል። እማማ ብዙነሽ ልጅቷ ላይ አጎንብሰው ትንፋሿን ሲሰሙ በድንገት ቀና አሉ። ሽታው አፍንጫቸው ገብቷል።

«ምን አጠጣሻት?»

«መድኃኒትዎን» አለች ፀዳለ። «ከነከረሜላው።»

የአሮጊቷ ፊት አመድ መሰለ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመድኃኔዓለም።»

«ወይኔ ብዙነሽ! ወይኔ! ተነሽ! ልጅቷን እዘያት! ሳንባዋ ነው ልጄ፣ ቀኙ ሳንባዋ ተይዟል! ያን ለት ነው የሰማሁት!»

ፀዳለ «ያን ለት» የሚለው ቃል ውስጧ ሲገባ ተሰማት፤ ለመናደድ ግን ጊዜ አልነበራትም። ልጅቷን አዝላ፣ አማቷ ከኋላ ጃንጥላ ዘርግተው፣ በዝናብ እስከ ጦር ኃይሎች አስፋልት ድረስ ሮጡ። እማማ ብዙነሽ ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ ሁለቴም «አትቁሚ! ሂጂ!» ብለው ጮኹ። አንድ ሴቼንቶ ታክሲ ጭቃቸውን አይቶ ሊያልፋቸው ሲል አሮጊቷ መንገዱ መሐል ገብተው አስቆሙት።

ሐኪም ቤት ድሬሰሩ ማዳመጫውን የዘመነች ጀርባ ላይ አድርጎ ቀኙ ላይ ሲደርስ ቆየ። እማማ ብዙነሽ እንደቆዩት ያህል ቆየ። «የሳንባ ምች ነው» አለ። «ከዛሬ ብታሳልፏት ኖሮ አላውቅም።» ፔኒሲሊን ወጓት፣ አስተኟት። ሁለቱ ሴቶች ጭቃቸው እየደረቀ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ፀዳለ የጀመረችው እሷ ናት። «ለባዳ ይናገራሉ። ለጉዲቱ ተናገሩ። ለኔ ግን ዝም አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ የኖሩት እርስዎ አይደሉም? ለምን እማማ? ምን አደረግኩዎት?»

እማማ ብዙነሽ የነጠላቸውን ጫፍ ሲጠቀልሉና ሲፈቱ ቆዩ።

«ምንም አላደረግሽኝም» አሉ። «ለባዳ ስናገር አፌ አይፈራም። በራስ ደም ላይ ግን ክፉ ቃል ማውጣት ሟርት ነው። ‹ሳንባዋ ነው› ብዬ ብትሞትብኝ በአፌ የገደልኳት እኔ ነኝ። ዝም ብል የሚያልፍ መሰለኝ። ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ...» የነጠላቸውን ጫፍ ለቀቁት። «መድኃኒቱን ብሰጣት ደግሞ ውሸት መሆኑን አውቀዋለሁ። አባቴ ያሳየኝ ሥር ድሮ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች መስኩ ላይ ሞልቶ ነበር። አፍ የሚያቀዘቅዝ ሥር ነው። መስኩን ባሕር ዛፍ በላው፣ የተረፈውን ቤት በላው። ሰው ግን ደጄ ላይ ቆሟል። ከረሜላ ያቀዘቅዛል፤ ጨመርኩ። ጉንፋን የሆነው በማሩና በዝንጅብሉ ይድናል፤ ያልሆነውን በጆሮዬ ለይቼ እሰዳለሁ። ያለኝ መድኃኒት ጆሮዬ ብቻ ነው።»

ፀዳለ ብዙ ልትል ነበር። ልትጮህም ነበር። ግን እሷም የማታውቀውን አውቃለሁ ብላ ልጇን ሁለት ቀን ከረሜላ ያጠጣች እናት ናት። አማቷን ማቀፍም፣ መራገምም እኩል አማራትና ሁለቱንም ተወችው።

«ከእንግዲህ ሟርትም ቢሆን ይንገሩኝ» አለች በመጨረሻ።

«እነግርሻለሁ» አሉ።

ዘመነች በዘጠነኛው ቀን ወጣች። ቀጭናለች፤ አፏ ግን ሥራ ጀምሯል፣ የመርፌውን ወሬ ለሰፈሩ ልጆች ታወራለች። ነሐሴ ውስጥ ፀሐይ ብልጭ ያለችበት አንድ ረፋድ ላይ እማማ ብዙነሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ፀዳለን ጠሯት።

«ነይ፣ ጆሮሽን አምጪ።»

የዘመነችን ጀርባ ገልጠው አስለጠፏት። ፀዳለ ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። ለስላሳ ነፋስ ይገባል፣ ይወጣል። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ሰው ቆዳ ሥር እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለ እስከ ዛሬ ማን ነገራት?

«ይሄ ደኅናው ነው» አሉ እማማ ብዙነሽ። «ክፉው ኑግ ሲቆላ የሚሰማውን ይመስላል፤ ጠሽ ጠሽ ይላል። ደጋግመሽ ስትሰሚ ይገባሻል።»

ልጅቷን ለቀቋት። ከዚያ ጀርባቸውን ለፀዳለ ሰጥተው የቀሚሳቸውን አንገት ወደ ታች ሳቡ።

«አሁን የኔን ስሚ። የአገሩን ሁሉ ጀርባ ሰምቻለሁ፤ የራሴ ላይ ጆሮዬ አይደርስም። ከግንቦት ጀምሮ አንድ ነገር ይወጋኛል። ለማን ልበል?»

ፀዳለ ጆሮዋን ለጠፈች። ቀኙ ደኅና ነው። ግራው ከላይ ደኅና ነው። ወደ ታች ወረደች። እዚያ፣ ከትከሻ አጥንቱ በታች፣ ጠሽ ጠሽ ይላል። አንሥታ መልሳ ለጠፈችው፤ ይላል። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣ አላት። እኚህ አሮጊት ናቸው ዳኛቸውን የወለዱት፣ ጭቃ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቀው «አትቁሚ» ያሏት። «ደኅና ነው» ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ነገ ትናገራለች። ምናልባትም በደንብ አልሰማችም። አማቷ ያን ለት ምድጃው ፊት ለምን እንደዞሩባት አሁን አጥንቷ ድረስ ገባት፣ ፈራችም።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ እማማ ብዙነሽ።

«ሰምቻለሁ» አለች ፀዳለ። «በግራ ነው እማማ፣ ከታች በኩል። ክፉው ነው። ዛሬውኑ እንሄዳለን።»

እማማ ብዙነሽ ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደ ኋላ እጃቸውን ሰደው የምራታቸውን እጅ ያዙ። በጣም ፈርተው ነበር። ደስም ብሏቸው ነበር።

«እሰይ፣ ልጄ» አሉ። «በይ አንሺኝ።»