አምስቱ የደረት መስመሮች

አክስት ዱልሲ ቅድመ አያቷን በአንድ የድሮ ወህኒ ቤት መዝገብ ውስጥ ስታገኘው ደሟ ፈላ። «ጃኪ፤ አቦርጂን፤ በግ ሰርቆ አንድ ዓመት» ይላል፤ አቦርጂን ነጮቹ የአገሩን ነባር ሰዎች የሚጠሩበት ስም ነው።

«አክስቴ፣ ይቅርብን፤ እንሂድ» አለቻት የእህቷ ልጅ ሊያን።

«ወዴት ነው የምሄደው? በይ፣ ምልክት የሚለውን አንብቢልኝ።»

«ደረቱ ላይ አምስት አግድም ጠባሳ፤ በድብድብ ያገኘው።»

አክስት ዱልሲ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቀና እስኪል ሳቀች። «ድብድብ! አይ ጸሐፊ ተብዬ!»

በእነሱ አገር ደረት ላይ መስመር በስለት የሚቀርጹት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አምስት መስመር የሚደርሰው ደግሞ የወገኑን ጠብ ለሚዳኝ ሰው ብቻ ነው።

«ስሚ ልጄ» አለች፣ ገጹን በጣቷ እየነካች፤ «በተፈረደበት ቀን ችሎቱ ላይ ሁለት ዳኛ ነበር። የኛው፣ በካቴና ታስሮ የቆመው ነው።»