ማን ነው ያስያዘን?

አራተኛ «ለ» ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ዓይኗ የቀላው ፌንጣ ነበረች። ፌንጣ ያሏት አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ነው። የዓይን ማዝ ይዟት አምስት ቀን ቤት ዋለች፤ እሷ ስትድን የክፍሉ ግማሽ ዓይኑን ማሸት ጀመረ። ሁሉም ድኖ ሲገናኙ፣ አጠገቧ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ደብተሩን ሰብስቦ ወደ ኋላ ሸሸ። በክርክር ስለማይረታ «ጠበቃው» ይሉታል።

«ክፍሉን የጨረሰችው እሷ ናት!» አለ ጣቱን ቀስሮ። «እኔን ራሴን ሦስት ቀን አስተኝታኛለች!»

ፌንጣ እስከ መውጫ ደወል ድረስ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። የሳይንስ አስተማሪዋን ያስደነገጣቸውም ይኸው ነበር፤ ይቺን ልጅ ስትረብሽ እንጂ አደብ ገዝታ ስትቀመጥ አይተው አያውቁም።

በማግስቱ ማልደው መጡና ሰማያዊ ጠመኔ ደቁሰው የክፍሉን በር እጀታ አዳረሱት። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ከዕረፍት በኋላ ገብተው፣ «እስቲ እርስ በርስ ተያዩ» አሏቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የአንዷ ጆሮ፣ የሌላው አፍንጫ፣ የምሳ ዕቃ ክዳን ሳይቀር ሰማያዊ ሆኗል። ጠበቃውማ ሁለት ዓይኑን ተኳኩሏል።

«ማን ነው የቀባኝ?» ብሎ ጮኸ።

«ራስህ ነህ» አሉት አስተማሪዋ። «በር ከፈትክ፣ ዓይንህን አሸህ፣ አለቀ። ማዙም የዞረው እንደዚሁ ነው። ፌንጣም ብትሆን ከአንድ ቦታ ይዟት እንጂ ቤቷ አልፈበረከችውም።»

ይህን ጊዜ ርዕሰ መምህሩ በሩን በርግደው ገቡ። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ስለ ንጽህና ሩብ ሰዓት ሙሉ የሚያወሩ ሰው ናቸው። «ምንድን ነው ይሄ ጫጫታ?» እያሉ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

ፌንጣ ዘላ ተነሳች። «ጋሼ፣ ጢምዎ!»

በመስኮቱ መስታወት ራሳቸውን አዩና ደነገጡ። «በሉ ሁላችሁም ወደ ቧንቧ! በሳሙና!»

«ሳሙና እኮ የለም፣ ጋሼ» አለች ፌንጣ።

«እንዴት አይኖርም? እኔ ራሴ ሁለት ካርቶን ተረክቤ...» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ» አሉ። «እንዳያልቅ ብዬ።»

አስተማሪዋ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንዱ ካርቶን ወጣ። አርባ ሁለት ልጅ እጅጌውን ሰብስቦ ቧንቧው ጋ ተሰለፈ። ጠበቃው ከፌንጣ ኋላ ቆሞ ሲቁነጠነጥ ቆየ።

«ዓይኔ ላይ ቀርቷል እንዴ?» አላት በመጨረሻ።

«መጀመሪያ እጅህን! በጣቶችህ መሃል፣ ጥፍርህንም።»

«እሺ። ደብተሬን ልመልሰው?»

«ደብተርህን ብቻ?»

«እኔም አብሬው እመጣለሁ እንጂ!»

ሳሙናው በሦስት ሳምንት አለቀ። ርዕሰ መምህሩ የሰልፉን ንግግር ትተው ሁለተኛውን ካርቶን ራሳቸው ተሸክመው ቧንቧው ጋ አመጡት።