ሽማግሌ የወረደበት ምድር ቤት

ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል ፈርሂያ የአሳምነውን ምድር ቤት ገና ግማሹን ማጠቧ ነበር። የማሽኗ ድምፅ ሳስቶ ሳስቶ ጠፋ። እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ዘንግ በድን ሆነ፤ ከጨለማው ውስጥ የሚሰማው ከዘንጉ ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነበር።

«ሄደ» አለ አብሯት የሚሠራው ቸኮል ከወዲያ ማዶ።

«ይመጣል።»

«መብራቱ አጎትሽ ነው እንዴ፣ ቀጠሮ የሰጠሽ?»

መካነ ሰላም ውስጥ መኪና ከምድር በታች የሚያድርበት ቤት ይሄ ብቻ ነው። አሳምነው ባለ አራት ፎቁን ሲያሠራ መሐንዲሱ «ፓርኪንግ ያስፈልገዋል» ቢለው አስቆፈረ። ከተማው ግን እዚያ የሚያቆመው የቤት መኪና አልነበረውምና ቦታውን አይሱዙዎች ወረሱት። ከከላላና ከደጎሎ እህል ጭነው የሚመጡት እዚያ ያድራሉ፤ ዘይት ይቀይራሉ፤ ብርዱ ሲጠና ረዳቶቹ እሳት ያነድዳሉ። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ወለሉ የዘይት፣ የስንዴ ብናኝና የጭቃ ቅርፊት አበጀ፤ ጣሪያው በጥላሸት ጠቆረ። ዘንድሮ አንድ ባንክ ቤቱን ከነምድር ቤቱ ልከራይ ብሎ፣ የሚያዩ ሰዎች ቅዳሜ እልካለሁ አለ። አሳምነው ፈርሂያን ያስታወሳት ያን ጊዜ ነው።

ፈርሂያ ዱባይ ሳለች የጽዳት ድርጅት ቀጥሯት የትልልቅ ገበያ ቤቶችን የመኪና ማቆሚያ ስታጥብ ኖራለች። ለመንደሩ ሰው ዓረብ አገር የሄደች ሴት ሁሉ ወይ ልጅ ታሳድጋለች ወይ ትቀቅላለች፤ ብትናገርም የሚሰማት አልነበረም። ስትመለስ ጓደኞቿ ወርቅ ባመጡበት እጅ እሷ የላቫጆ ማሽን ይዛ መጣች። እናቷ እመት ዙሀራ ማሽኑን ብዙ ጊዜ በአንሶላ ሸፍነው አኖሩት፤ ለአቧራው ይሁን ለሐፍረቱ አልተናገሩም።

ሥራው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ መጨረሻ ወለሉ፤ ይህን የገለበጠ ሁለቴ ያጥባል። ቸኮል ቅርፊቱን በአካፋ ይፍቃል። እሷ ሲሚንቶው ዘይት የጠጣበት ላይ አመድ ነስንሳ ታሳድርና ትጠርገዋለች። ከዚያ የቅባት ማሟሚያውን ትቀባና፣ እንደ ሞሰብ ክዳን ወለሉ ላይ የሚደፋውን፣ ውሃው ከውስጡ እየተሽከረከረ የሚፈልቅበትን ክብ እየገፋች ትሄዳለች። ክቡ ያለፈበት ነጭ ሆኖ ይወጣል። የውሃ መውረጃው በገለባ ተደፍኖ ስላገኙት እሱን ብቻ ሲቆፍሩ የዋሉበት ቀን አለ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ግማሽ ደረሱ፤ መብራቱም ሄደ። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ ጠፋ። ጄኔሬተር እንዳይከራዩ ወፍጮ ቤቶቹ ቀድመዋቸዋል።

ሐሙስ ጠዋት አሳምነው መናኸሪያው አጠገብ ካለው ላቫጆ ቤት ቤንዚን የሚጠጣ ማሽን በሁለት ሰው እያስገፋ መጣ።

«ይኸው። አውርዱትና ጨርሱ» አለ።

ፈርሂያ ሞተሩን አየች፤ ውሃ የሚያስተላልፈውን ጎማ አየች። ጎማው ቁልቁለቱን እንኳ የሚጨርስ አልነበረም።

«ውጭ ይቁም» አለች።

«ውጭ ከቆመማ ጎማው አይደርስም።»

«ረጅም ጎማ ደሴ አለ፣ ጋሼ አሳምነው። ዛሬ ቢደውሉ ቅዳሜ በሚኒባስ ይደርሳል።»

«ቅዳሜ እንግዶቼ ናቸው የሚደርሱት። ለግማሽ ቀን ነው፤ በሩን ወለል አድርገን እንከፍታለን።»

«በሩ አንድ ነው፤ መስኮት የለም። ጭሱ ይጠራቀማል።»

«አይሱዙ ስንት ዘመን ሲያጨስበት የኖረ ቤት ነው። የሞተ አለ?»

«አይሱዙ ገብቶ ያጠፋል። ይሄ ግማሽ ቀን ሙሉ አፍንጫችን ሥር ሊያጨስ ነው። አልወርድም።»

አሳምነው ወደ ቸኮል ዞረ። «አንተስ? ወንድ አይደለህም?»

ቸኮል የከላላ ገበሬ ልጅ ነው። ሚስቱ ሳዑዲ ናት፤ ከምትልከው እየቆረሱ መብላት ስለታከተው ነው እዚህ ሥራ የገባው። «ወንድ አይደለህም» የሚለው ቃል በከተማው ሰው አፍ ባይነገርም በየቀኑ ይሰማዋል። አሁን ደግሞ በግልጽ ተነገረው።

«እኔ እወርዳለሁ» አለ፤ የማሽኑንም እጀታ ጨበጠ።

ፈርሂያ ተንበረከከች። ከሽርጧ ኪስ መፍቻ አውጥታ፣ ሞተሩ ያለ እሱ የማይነሣበትን ካንዴላ ፈታችና እዚያው ኪሷ ከተተችው። ነገሩ ከመቅጽበት ስላለቀ ማንም እጇን አልያዘም።

«የሰው ማሽን እኮ ነው» አለ አሳምነው።

«አውቃለሁ። ባለቤቱ ሲመጣ ለባለቤቱ እሰጣለሁ።»

ቸኮል እስከ ዋናው መንገድ ተከተላት። «እናቴ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እህቴ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ስለ እኔ ነፍስ ምን አገባሽ? ሰው ፊት ልጅ አደረግሽኝ።»

መንገዷን ቀጠለች። እውነቱን ለመናገር እርግጠኛ አልነበረችም። ምናልባት ምንም አይሆን ይሆናል። ጭስን መፍራት የተማረችበት የዱባይ ምድር ቤት ሦስት ፎቅ ጥልቀት ነበረው፤ የዚህ በር እንደ ሰርግ ድንኳን ሰፊ ነው። ፍርሃቷን ከሰው አገር ይዛው መጥታ እንደሆነስ? ቤቷ እስክትደርስ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። በመጨረሻ ግን አንድ ነገር ላይ ቆመች፤ ጥርጣሬዋ ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን በቸኮል ሳንባ ፈትና ማወቅ አልፈለገችም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሽማግሌ ተላከባት።

መምሬ ክንፈና ሼህ መሐሙድ ነበሩ የመጡት። በከተማው ውስጥ በድንበርም ሆነ በጋብቻ ጠብ የተነሣ እንደሆነ ሁለቱ አብረው ይላካሉ፤ አንዱ ከታመመ ሌላው ብቻውን አይሄድም። እመት ዙሀራ ከበሩ እየወጡ «ግቡ፣ ኧረ አረፍ በሉ» ቢሉ ሁለቱም ከደጃፉ አልተነቃነቁም።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ሼህ መሐሙድ።

እመት ዙሀራ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ወደ ጓዳ ሳቧት። «ሽማግሌ ከደጄ ቆሞ ከሚመለስ መሬት አፏን ከፍታ ትዋጠኝ። የያዝሽው ምንም ይሁን ምን ስጫቸው።»

ፈርሂያ ወጥታ ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ አለች።

«ተነሽ፣ ተነሽ ልጄ» አሉ መምሬ። «አንዲት ብረት ይዘሽ የሰውዬውን ቤት አቆምሽው አሉ። ምን ታክላለች?»

«ጣት ታክላለች።»

«እኔ በበሬ የቆመ እርሻ አይቻለሁ። በጣት የቆመ ፎቅ ግን አላየሁም።»

«መምሬ ነገሩ የገባቸው እንዳይመስልሽ» አሉ ሼሁ፤ «መንገዱን ሁሉ ሲጠይቁኝ ነው የመጡት።» ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ ልጄ። አሳምነው ክፉ አይነካውም ብሎ ለምኖናል። ልጁም እኔ ፈቅጃለሁ ይላል። አንቺ ካንዴላውን ስጪ፤ እኛ ዋስ እንሆናለን። ክፉ ቢመጣ በእኛ።»

«ዋስ ትሆናላችሁ?»

«ወላሂ እንሆናለን።»

«መምሬም?»

«እኔም።»

ፈርሂያ እናቷን አላየችም። ብታያቸው ቃሏ እንደሚሰበር አውቃለች።

«እንግዲያው ዋስ ከዋስትናው አይርቅም፣ አባቶቼ። ቸኮል ታች ወርዶ ሲያጥብ እናንተም ታች ትቀመጣላችሁ። እስኪጨርስ።»

«አንቺ ልጅ» አሉ እመት ዙሀራ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«ዱባይ ላይ አብራኝ የምትሠራ የወረኢሉ ልጅ ነበረች» አለች ፈርሂያ። «እንደዚሁ መብራት ሄደ፤ እንደዚሁ ሞተር አወረዱላት፤ እንደዚሁ ለትንሽ ጊዜ ነው አሏት። አልጮኸችም፤ አላሳላትም። ራሴን ትንሽ አመመኝ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ስናነሣት አልተነሣችም። እናንተን አላምንም ማለቴ አይደለም። ዋስ ነን ካላችሁ ግን አብራችሁት ሁኑ ነው የምለው።»

ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። ረግመዋት ቢሄዱ ከተማው ውስጥ ሥራ ቀርቶ ሰላምታ እንደማታገኝ ታውቃለች። ሼህ መሐሙድ ግን ጢማቸውን ይዘው ወደ ጓደኛቸው ዞሩ።

«ምን ይላሉ፣ መምሬ?»

«ቃል ከአፋችን ወጣ እኮ። እንግዲህ ምን እላለሁ።»

«እርስዎማ በማዕጠንት ጭስ ያደጉ ነዎት። የሚጎዳው እኔን ነው።»

«የሚጎዳንስ ቁልቁለቱ ነው። በሉ፣ ጁምዓ ሳይደርስብዎ እንሂድ።»

ፈርሂያ ካንዴላውን በሁለት እጇ ለሼህ መሐሙድ ሰጠቻቸው። እመት ዙሀራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቀሩ።

ምድር ቤቱ በር ላይ አሳምነው ከቸኮልና ከማሽኑ ጋር ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌዎቹን ሲያይ ፊቱ በራ። ካንዴላውን ተቀብሎ ለቸኮል ሰጠውና ሞተሩን አስወረደ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ የሌላውን ክንድ ይዘው፣ ዘንጋቸውን እያስቀደሙ ሞተሩን ተከትለው ወረዱ። ፈርሂያ ከኋላቸው ሆና በባትሪ ታበራላቸው ነበር። ከበሩ እስከ መሐል ወለሉ እንደ ታጠበ ጋቢ ነጭ ነው፤ ከመሐል ወዲያ ጥቁር ነው። ሽማግሌዎቹ ነጩን አልፈው ጥቁሩ ላይ፣ ከሞተሩ አጠገብ ቆሙ። መምሬ ባዶ የለስላሳ ሳጥን አገኙና ገልብጠው ተቀመጡበት፤ ለጓደኛቸውም ሌላ ሳጥን በዘንጋቸው ገፋ አደረጉላቸው።

«ምን እያደረጋችሁ ነው፣ አባቶቼ?» አለ አሳምነው።

«ዋስ ሆነናል። ልጁ እስኪጨርስ እንቀመጣለን» አሉ ሼህ መሐሙድ።

«እዚህ? ኧረ በአላህ፣ ኧረ ስለ ማርያም። ላይ ቢሮዬ አለ፤ ወንበር አለ፤ ሻይ ይመጣላችኋል። እዚህማ ጭሱ አይስማማችሁም።»

ይህን ያለው በአክብሮት ነው። ሽማግሌ ጭስ ላይ አስቀምጦ ባለጌ መባልን ፈርቶ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ለታላቅ ሲባል የሰማውን ነው ሳያስብ የተናገረው።

«ምን አልከን?» አሉ መምሬ ክንፈ።

«ማለቴ፣ ሽማግሌ ናችሁ፤ ሳል ምናምን…»

«ለእኛ ያልተስማማ ጭስ ለቸኮል እንዴት ተስማማው?»

«ቸኮል ወጣት ነው።»

«ዐምና ለብርዱ ከሰል አስገብተው፣ በር ዘግተው የተኙት ሙሽሮች ወጣቶች አልነበሩም?» አሉ ሼህ መሐሙድ። «ሁለቱንም ቀብረናል። አንተም ቀብር ላይ ነበርክ፣ አሳምነው። አፈር ስትመልስ አይቼሃለሁ።»

አሳምነው አንገቱን ደፋ፤ ቶሎም ቀና አለ። «አባቶቼ፣ የላክኋችሁ እኔ ነኝ። እሷን ልታስታርቁልኝ ነው የላክኋችሁ።»

«የላክኸንማ አንተ ነህ። እንግዲህ የምትሰማንም አንተ ነህ» አሉ መምሬ። «ልጅቱ እንዳለችህ ለረጅሙ ጎማ ወደ ደሴ ደውል። ጎማው እንደሚጫን እስክንሰማ ከዚህ አንነሣም። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጦም ነኝ፤ ሻይህንም አልፈልገውም።»

«እኔን ደግሞ ጁምዓ እንዳታሳልፈኝ» አሉ ሼሁ። «ተጠያቂው አንተ ነህ።»

አሳምነው ስልኩን አወጣ። ምድር ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም። እያጉረመረመ ቁልቁለቱን ወጣ፤ ድምፁ ከላይ ሲጮህ ይሰማ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ሽማግሌዎቹን ሳይሆን ፈርሂያን ነው ያየው።

«ነገ ማለዳ ይጭናሉ። አቀስታ ላይ መንገዱ ካልያዘው ወደ ማታ ይገባል። እንግዶቼ የሚመጡት ደግሞ በጠዋት ነው። ገባሽ? ሰዎቹ የሌላ ሰው ቤት ቢከራዩ፣ አንቺ ነሽ ብዬ በገበያ አስለፍፋለሁ።»

«ያስለፍፉ።»

«ከዚህ ሥራ በኋላ በዚህ ደጃፍ እንዳላይሽ።»

«ከዚህ ሥራ በኋላ አያዩኝም። ይሄን ግን እጨርሰዋለሁ፤ ቃሌ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ሼህ መሐሙድ ሲያልፉ ዱዓ ያደርጉላት እንደሆን ብላ ጎንበስ አለች፤ እሳቸው ግን «ሽማግሌ ፊት እንዲህ መናገር ደግ አይደለም» ብለዋት አለፉ። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ዞረው፣ «ደግ አይደለም፤ ግን ደህና ተናገርሽ» አሏት። አሳምነውም ደግፏቸው ወጣ።

ቸኮል ብቻውን ሞተሩ አጠገብ ቆሟል። ፈርሂያ ባትሪውን ምሰሶ ላይ አንጠለጠለችና አካፋ አነሣች። ጎማው ባይደርስ፣ መብራቱ ባይመጣ፣ ቅርፊቱን መፋቅ የሚከለክላት የለም። አንድ ሰው ፍቆ የማይጨርሰው መሆኑንም ታውቃለች።

«ሚስቴ ብትሰማ ትስቅብኛለች» አለ ቸኮል። «ሁለት ሽማግሌ፣ አንዲት ሴት ጠበቁት ብላ።»

«ትሳቅ። ሰው አገር ብቻዋን ለቅሶ ከምትቀመጥ ትሳቅ።»

ቸኮል ሌላኛውን አካፋ አነሣና ከእሷ ርቆ፣ ከዳር ጀምሮ መፋቅ ያዘ። አልታረቃትም፤ አካፋውን ሲሚንቶው ላይ የሚመታው ከሚገባው በላይ አጥብቆ ነው።

ከላይ፣ ከቁልቁለቱ ራስ፣ የአሳምነው ድምፅ መጣ።

«ነገ መጥተው ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ሆኖ ቢያዩት ምን እላቸዋለሁ?»

ፈርሂያ ከአካፋው ላይ የተጣበቀውን ዘይት በእግሯ ገፋች።

«ወደ እኔ ይላኳቸው» አለች፣ ሳትዞር። «ለምን እንደ ቆመ እኔ እነግራቸዋለሁ።»