የተኛው ምስክር

«ተኝቼ ነበር» አለ እጅጉ። «እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ መጋዘኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ማዳበሪያው የለም። የወሰደው ያረጋል ነው።»

ሀብትነሽ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ሣሩ ላይ ወደቀ፣ እሷ እቴ፣ የት አይታው!

«ተኝተህ ከነበር ያረጋል መሆኑን በምን አወቅህ?»

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሾላው ጥላ ሥር የተቀመጡት ሽማግሎች ዞረው አዩዋት። እጅጉ የማኅበሩ መጋዘን ዘበኛ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ በር ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀው ሰው የለም።

«ቁጭ በይ ሀብትነሽ» አሉ አባ ሀብተሚካኤል። የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፣ ሽምግልናውንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። «ተራሽ ሲደርስ ትጠየቂያለሽ።»

«ተራዬ መቼ ነው አባ? ወረቀቱ እኮ ሊታጠፍ ነው!»

እውነቷን ነው፣ ሊታጠፍ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ሾላ ማርያም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ ያለች ደብር ናት። ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከገበሬው ማኅበር መጋዘን አርባ ኩንታል ማዳበሪያ ጠፋ። መቼ ነው የጠፋው? ሰው ሁሉ መሬቱን ሦስት ጊዜ አርሶ፣ ዝናቡን እየጠበቀ፣ «ማዳበሪያው መቼ ይታደላል» እያለ ባለበት ሰሞን! የመጋዘኑ ቁልፍ ሁለት ሰው እጅ ነው ያለው። አንዱ ንብረት ክፍሉ ያረጋል ጋ፣ አንዱ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አያ ክንዱ ጋ። ፖሊስ ረቡዕ መጣና ያረጋልን ይዞት ሄደ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እናቱ ከሱ ሌላ ልጅ የላትም። ከዚያ ቀበሌው ሽማግሎቹን «ያየ የሰማውን ሰው ጠይቁና በቃለ ጉባኤ ጽፋችሁ ቅዳሜ ስጡን፣ እኛ ለፖሊስ እንልካለን» አላቸው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ደግሞ የእጅጉ ቃል ብቻ ነው። አያ ክንዱ ከሽማግሎቹ መሀል፣ ከአባ ሀብተሚካኤል በስተቀኝ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከሳ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ስቀው ካልሆነ አይቆጡም።

ሀብትነሽን ያበገናት ግን ይኼ ብቻ አይደለም። ጠዋት የሆነው ነው።

የዛሬዋ ቅዳሜ እኮ ቅዱሳት አንስት ናት። በትንሣኤው ሳምንት የሚዘከሩት ሽቱ ይዘው ወደ ጌታ መቃብር የገሰገሱት ሴቶች ናቸው። ቅዳሴው እንዳለቀ የአያ ክንዱ ልጅ ናሁሰናይ ማይኩን ያዘ። ቡሬ ካምፓስ ነው የተማረው፣ አሁንም እዚያው ቡሬ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምራል። ካምፓስ እያለ የዶርም ጓደኞቹ «ሞቶ የተነሣ ሰው አለ ብለህ የምታምነው በምን ማስረጃ ነው?» እያሉ እንቅልፍ ይነሱት ነበር አሉ። እና ዛሬ ለነሱ መልስ የሚሰጥ ይመስል እንደ ጠበቃ ሆኖ ነው የሰበከው።

«መቃብሩ ባዶ መሆኑን ጠላትም አልካደም!» አለ። «ባዶ ባይሆንማ ሬሳውን አውጥተው ገበያ መሀል ያስቀምጡት ነበር፤ ነገሩም እዚያው ኢየሩሳሌም ላይ ያልቅ ነበር። ግን ምን አደረጉ? ለጠባቂዎቹ ብር ሰጥተው ‹ተኝተን ሳለን ደቀ መዛሙርቱ ሰረቁት በሉ› አሏቸው። እስኪ ምእመናን፣ የተኛ ሰው ሌባ ይለያል?»

ሰዉ ሳቀ። አባ ሀብተሚካኤልም ሳቁ። አያ ክንዱ በልጃቸው ኮርተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደግሞ መጀመሪያ ያየው ማን ነው? ሴቶች! በዚያ ዘመን በዚያ አገር የሴት ቃል ፍርድ ፊት ክብደት አልነበረውም። ወሬውን ፈጥሮ የሚያወራ ሰው ቢሆን ‹መጀመሪያ ጴጥሮስ አየው› ይል ነበር እንጅ ማንም የማያምናቸውን ሴቶች ምስክር አያደርግም። ሴቶቹ የተጻፉት ያዩት እነሱ ስለሆኑ ነው! ሐዋርያቱ እንኳ አላመኗቸውም። እነሱ ግን ቃላቸውን አልለወጡም። በር ዘግተው የተደበቁት ሐዋርያትም ኋላ ራሳቸው ሲያዩት ወጥተው አንገታቸውን ለሰይፍ ሰጡ። ሰው ራሱ ለፈጠረው ውሸት ይሞታል እንዴ?»

ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው ሀብትነሽ ናት። እንባዋ ነው የመጣው። አራት ቀን ሙሉ ሆዷ ውስጥ ያፈነችው ነገር ነበራ! «ዛሬ ይሰሙኛል» አለች በልቧ። «ይኼን ሰምተውማ እንዴት አይሰሙኝም?»

እና አሁን እዚያው ግቢ፣ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላው፣ «ቁጭ በይ» ይሏታል።

አልተቀመጠችም። «ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ጀሪካኔን ይዤ ወደ ቦኖው ስሄድ መጋዘኑ በር ላይ አይሱዙ ቆሞ ነበር» አለች። «ከዚህ እስከ ቤተልሔሙ ያህል ነው የሚርቀው። እጅጉ አልተኛም። ባትሪ ይዞ ሲያበራላቸው ነበር። ሲያስጭኑ የነበሩት አያ ክንዱ ናቸው። እንዲያውም አይተውኝ ‹እንኳን አደረሰሽ ሀብትነሽ› ብለውኛል።»

አንድ ሽማግሌ ጭራውን ወዝወዝ ማድረጉን ተወ።

አያ ክንዱ ፈገግ አሉ። «ሀብትነሽ እኮ አምናም ማዳበሪያ ዘገየብኝ ብላ የተቀየመችን ናት። እኔ አልፈርድባትም። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፣ ነገር ያብሰለስላታል።»

«አያ ክንዱ፣ እርስዎን ተቀይሜ ቢሆን ማክሰኞውኑ እጮህ ነበር። የፈራሁ እኔ ነኝ።»

«በጎህ እንኳን ሰው፣ በሬና ላም አይለይም» አለ አንዱ ከጎናቸው። ሽማግሎቹ ሳቁ።

ሀብትነሽ ማክሰኞ ያልገባት ነገር በዚህ ሳቅ መሀል ገባት። አያ ክንዱ ያን ቀን ለምን አልደነገጡም? ለምን ፊታቸውን በጋቢያቸው አልሸፈኑም? ያየቻቸው እሷ ስለሆነች ነዋ! ዶሮ ያየቻቸው ያህል ነው የቆጠሩት! ሰላም ብለዋት ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከሽማግሎቹ ኋላ ግንቡን ተደግፎ ወደ ቆመው ናሁሰናይ ዞረች።

«መምህር፣ ጠዋት ያስተማሩን ምን ነበር? እስኪ ይድገሙልን። የተኛ ሰው ሌባ ይለያል ወይስ አይለይም?»

ናሁሰናይ አባቱን አየ። ከዚያ መሬት አየ።

«መጋዘኑ ባዶ መሆኑን ሁላችንም እናምናለን፣ እሱ አላጣላንም። ያጣላን ማን ባዶ አደረገው ነው። አንድ ተኝቼ ነበር የሚል ወንድ አለ፣ አንዲት ነቅቼ አየሁ የምትል ሴት አለች። የማንን ጻፉ? የተኛውን! ይናገሩ እንጅ መምህር፣ ቅድም እኮ በማይክ ነበር!»

«የእግዚአብሔርን ቃል ከማዳበሪያ ጋር አትቀላቅይ» አሉ አያ ክንዱ። አሁን ፈገግታው የለም።

«እኔ ምኑን ቀላቀልኩ አያ? ማዳበሪያውን የጫኑት እርስዎ!»

«በቃ!» አሉ አባ ሀብተሚካኤል። «ስብከት ሌላ፣ ሽምግልና ሌላ ነው። ወረቀቱ ተጽፏል።» አጠፉትና ለቀበሌው ጸሐፊ ሰጡት።

ናሁሰናይ ከግንቡ ተላቅቆ ወደ አባቱ ሄደ።

ሀብትነሽ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ቤቷ ገብታ መታወቂያዋን ከሳጥን አወጣች፣ በሯን ቆለፈች። መንገድ ላይ ብቻዋን እየተናገረች ነው የምትሄደው። «ዶሮ ነኝ? እሺ፣ ዶሮ ትናገራለች ዛሬ!» የሚያያት ሰው አብዳለች ይላል። አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ባምላኩ ባጃጁን አቁሞ ተሳፋሪ ይጠብቃል። «ፍኖተ ሰላም፣ ፖሊስ ጣቢያ» ብላው ልትገባ ስትል ናሁሰናይ እየሮጠ መጣ። ላብ በላብ ሆኗል።

«እትዬ ሀብትነሽ፣ አንዴ ይስሙኝ። አባቴን አነጋገርኩት።»

«እና?»

ባምላኩ እንዳይሰማ ድምፁን ቀነሰ። «ማዳበሪያው አልተሸጠም። ቡሬ አንድ ሰው ግቢ ነው ያለው። ዛሬውኑ ይመለሳል። ማኅበሩም ክሱን አንስቻለሁ ብሎ ይጽፋል፣ ያረጋል ዛሬ ማታ እናቱ ቤት ያድራል። እርስዎ ብቻ ‹ጎህ ነበር፣ ሰዉን አልለየሁም› ይበሉ። ሌላ ምንም። የእርስዎንም የማዳበሪያ ድርሻ አባቴ ከሁሉ በፊት ይሰጥዎታል።»

ታያላችሁ? ድርሻዋን ጭምር! ሀብትነሽ ሦስቴ የታረሰው መሬቷ ትዝ አላት፣ አልዋሽም። ማዳበሪያ የሚደርሳቸው ሰዎች ስም ዝርዝር አያ ክንዱ እጅ ነው፤ ሊሰርዟት ከፈለጉ አንድ መስመር ነው። ከዚያ ግን ንዴቷ ባሰባት። «መምህር» ማለቱንም ተወችው።

«አንተ ናሁ! እነዚያ ሴቶች ‹ጨለማ ነበር፣ መቃብር ተሳስተን ነው› ብለው ቢሆን ዛሬ ምን ትሰብክ ነበር?»

«አባቴ ነው እኮ እትዬ...»

«አውቃለሁ። ሳዝልህ ያደግህ ልጅ ነህ፣ አባትህን አጣዋለሁ? ማዳበሪያው ሲመለስ ማን መለሰው ይባላል? ‹ያረጋል ሰርቆ ነበር፣ ሲጨንቀው መለሰ› ነው የሚባለው። እሱ ሌባ ተብሎ ይኖራል፣ አንተ ደግሞ በሚመጣው ዓመት ቅዱሳት አንስትን ትሰብካለህ።»

ናሁሰናይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሀብትነሽ ግን እንባውን አይታ አልራራችም፤ እንዲያውም ልትጨምርለት ስትል ከኋላ ጩኸት ሰማች። ወለተ ሥላሴ ናት፣ የያረጋል እናት። ናሁሰናይ መጀመሪያ እሷ ቤት ነበር የሄደው! በባዶ እግሯ ነው የመጣችው። መጥታ ሀብትነሽ ጉልበት ላይ ተጠመጠመች።

«ሀብቴ፣ በማርያም! እሺ በያቸው! ልጄን ስጭኝ!»

«ተነሽ! ተነሽ እንጅ፣ ለኔ አይሰገድም!»

«አራት ቀኑ ነው። ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኛው። ደረቱን ያመዋል፣ ታውቂያለሽ አይደል?»

«ሌባ ይሉታል ወለተ ሥላሴ። ዕድሜ ልኩን ሌባ ይሉታል። ማን ሥራ ይሰጠዋል? ማን ልጁን ይድርለታል?»

«ይበሉት! ሌባ ይበሉት፣ ቤቴ ይግባልኝ! እውነቱ ላንቺ ነው የሚያቃጥልሽ። እኔን ምን ይሠራልኛል?»

ይኼ መታት። ሽማግሎቹ ሲስቁባት ያልደነገጠችው ሴት እዚህ ላይ ደነገጠች። በማን ትናደድ? በእናትየዋ? ንዴቷ ማረፊያ አጣ። አያ ክንዱ ግን ይኼን ጊዜ ምን እያደረጉ ይሆን? ዘመድ ወዳጅ ሰብስበው ምሳ እየበሉ ነዋ! ለሁለት ምስኪን ሴቶች እርስ በርስ መባላቱን ትተውላቸው!

«እትዬ፣ ላጥፋው ወይስ እንሂድ?» አለ ባምላኩ። ሞተሩ እየተንተከተከ ነው።

ሀብትነሽ ገባች። ገብታ ግን «ሂድ» አላለችውም። ወደ ጥግ ተጠግታ አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችው።

«ነይ ግቢ» አለቻት። «እኔ ያየሁትን አልክድም። ብትሰድቢኝም ብትረግሚኝም አልክድም። ግን አንቺን ጥዬሽም አልሄድም። አብረን እንግባ። እኔ ያየሁትን ልናገር፣ አንቺ ደረቱን ያመዋል በያቸው። ሁለት ሴት ሆነን እንናገር። ምናልባት ሁለት ሲሆኑ ይጽፋሉ።»

«ባይጽፉስ?»

«ባይጽፉ አላውቅም። እኔ ምን አውቃለሁ?»

ናሁሰናይ ከወለተ ሥላሴ ኋላ ቆሞ «እማማ፣ ከገቡ አባቴ ሐሳቡን ይለውጣል» አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አለው። ጠዋት ያን ሁሉ የተናገረ አፍ ይኼንንም ተናገረ!

ወለተ ሥላሴ በአንድ እጇ የባጃጁን ብረት ጨብጣለች። አንድ እግሯ ገብቷል፣ አንዱ አስፋልቱ ላይ ነው። እሺ ብላ ከቀረች ልጇ ዛሬ ማታ ሌባ ተብሎ ቤቱ ያድራል። ከገባች ደግሞ ንጹሕ መሆኑ ሊወጣ ይችላል፣ ላይወጣም ይችላል፤ ዛሬ ማታ ግን ሲሚንቶው ላይ ነው። ሀብትነሽ አላቻኮለቻትም፣ ቦታውን ይዛላት ተቀመጠች።

እስኪ እናንተ፣ የታሰረው የእናንተ ልጅ ቢሆን፣ ያን እግር ታስገቡት ነበር ወይስ ትመልሱት ነበር?