ቅዳሜ ወደ አጆራ

ስልኩ ሲጠራ ሴቶቹ ንፍሮ እየቆረጠሙ ስለ ሟች ደግነት ያወሩ ነበር። ቀድማ ያየችው ነጅማ ናት፣ ከፊት ለፊት በር ያለችው ጎረቤት። ስሙን አነበበችና ስልኩን በሻርፗ ሸፍና በተቀመጡት ሴቶች ጉልበት መሐል እየተሹለከለከች ፀሐይቱ ወደተቀመጠችበት ፍራሽ ሄደች።

«እሳቸው ናቸው» አለች በሹክሹክታ።

ፀሐይቱ ተነሣች። ሻወር ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ነጅማ ከውጭ በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ቆመች። ፀሐይቱ ከቧንቧው አንድ እፍኝ ውኃ ጠጣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ከዚያም መስተዋቱ ውስጥ ላለችው ጥቁር ለባሽ ሴት በግድ ፈገግ አለችላት። ይህን ያስተማራት ባሏ በሱፍቃድ ነው። «ከእንግዳ ጋር በስልክ ስታወሪ ፈገግ በይ፣ ፈገግታ ይሰማል» ይል ነበር። ከነገ ወዲያ ሠልስቱ ነው።

«አቤት እማማ! እንዴት ዋሉ? ዓይንዎስ?»

«ተመስገን ነው ልጄ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነው የደወልኩት። ያ የአጆራ ውኃ ርጭት አለው አሉ። ዓይኔን አይነካብኝም?»

«ራቅ ብለን ነው የምናየው። ጃንጥላም ይዘናል።»

«ትልቁን?»

«ትልቁን።»

«ልጄስ? ዛሬም አልደወለ።»

«ኦሞ ነው እማማ፣ እንግዶች ይዞ። እዚያ ኔትወርክ የለም። አርብ ይገባል።»

ልክ ይህን ስትል ከሕንፃው ሥር ከተተከለው ድንኳን አዲስ የደረሰች ሴት ድምፅ ተነሣ። «ወየው በሱፌ! ወየው ደጉ!» ሻወር ቤቱ መስኮት አለው፤ መስኮቱ ደግሞ መስተዋት የለውም። ፀሐይቱ ስልኩን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ግን አልቀደመችውም።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ እማማ ወለተሰንበት። «ለቅሶ ነው?»

«ጎረቤት ነው እማማ። አንድ... አንድ ሰው ሞቶ ነው።»

«ውይ! ወጣት ነው?»

«አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር።»

«እናት አለችው?»

ፀሐይቱ መስተዋቱ ውስጥ አየች። ፈገግታው እዚያው ፊቷ ላይ ነበር።

«አለችው» አለች።

«ኧረ እሷን ምን ይዋጣት! በይ ከእኔ ጋር አትለፍልፊ፣ ሄደሽ ድረሻቸው። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብላለች በያቸው፣ የቡኢዋ።»

ፀሐይቱ ስልኩን ዘጋች፤ ከሻወር ቤቱ ወጥታም ፍራሹ ላይ ተመለሰች። የተላከችውን አላደረሰችም። የሚደርሰው ለማን ነው? ለራሷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሱፍቃድ እሑድ ረፋድ ላይ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከሕንፃቸው ሥር፣ የድርጅቱን ነጭ ላንድክሩዘር ሲያጥብ ልቡ ቆመች። ፀሐይቱ በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ ነበር፤ ባልዲው ሲገለበጥ ሰምታ «አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤቱን በሙሉ ልታጥብ ነው?» ብላ ተሳለቀችበት። የመጨረሻ ቃሏ ይህ ሆነ። በነጋታው ተቀበረ። እናቱ ግን ከመቶ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ላይ፣ ቡኢ፣ ዓይናቸው በሽፋን ታሽጎ ጉዞ እየጠበቁ ነበር።

የግራ ዓይናቸው ጨርሳ ጠፍታለች። ቀኟ ግን በሱፍቃድ በሞተበት ቀን በቀዶ ሕክምና ከተሠራች ገና ዘጠኝ ቀኗ ነበር። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዳያጎነብሱ፣ እንዳያሹ፣ እንዳያለቅሱ አጥብቆ አስጠንቅቋል። ሽፋኑ የሚነሣው ለጠብታ ብቻ ነው። አርብ ቡታጅራ ሄደው ይታያሉ፣ ይፈታላቸዋል፤ ቅዳሜ ልጃቸው መጥቶ የአጆራን ፏፏቴ ሊያሳያቸው ነበር።

ስለዚህ የእናቱ ወንድም ጋሽ ወልደገብርኤል የቀብሩ ዕለት ዘመዱን ሰብስበው ፈረዱ። «ልጇን አንዴ ወስዶባታል። ዓይኗን እኛ አንጨምርበት። መርዶው ቅዳሜ ማለዳ ይሆናል።» ቡኢ ከእማማ ጋር የምትኖረው የሌላ እህታቸው ልጅ ወይንሀረግ ተነገራት፤ ሬዲዮውን ደበቀች፣ ጎረቤቱን አስማለች፣ የምታለቅሰውን ወንዝ ወርዳ አለቀሰች። በሦስት ቀን ውስጥ ቡኢ በሙሉ ሰማ፣ ከአንድ ሰው በቀር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ስልኩ ግን የፀሐይቱ ዕጣ ሆነ። አሮጊቷ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደውላሉ። ድምፅ ከዘጋ፣ አፍንጫ ከታፈነ ይታወቅባታል፤ ማየት የተሳናቸው ሰው ጆሯቸው ሌላ ነው። እናም ፀሐይቱ አላለቀሰችም።  በቀብሩ ዕለት አስከሬኑ ሲወጣ ከንፈሯን ነክሳ ቆማ ነበር።

ይህን ምክንያት የሚያውቁት ዘመዶቹና ነጅማ ብቻ ናቸው፤ ወሬው እንዳይወጣ ለሌላ ሰው አልተነገረም። ለቅሶ ደራሹ ደግሞ ዓይን አለው።

«አንዲት ዘለላ እንኳ?» አለች አንዷ፣ ከበሩ አጠገብ።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች ሌላዋ። «ስልክ ሲመጣማ እንዴት ፈጥና እንደምትነሣ አላየሽም? የማን ስልክ ይሆን?»

ነጅማ ሰማች። ትሪውን ይዛ እያለፈች ነበር፤ ቆም ብላ «ንፍሮ ይጨመርልሽ እሙዬ? አፍ ሲሞላ ጥሩ ነው» አለቻት።

ፀሐይቱም ሰምታለች። አልተቆጣችም። የተቆጣችው በሟች ነበር። ይህን ለማንም መናገር አትችልም፤ ግን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ የምታስበው እሱን ነበር፣ በንዴት።

በሱፍቃድ የነገ ሰው ነበር። የአስጎብኚ ድርጅት ሾፌር ሆኖ ዐሥራ ስድስት ዓመት አገሩን አዳርሷል። አጆራ ብቻ ሃያ ጊዜ ሄዷል፣ የሰው እናት ይዞ። የራሱን እናት ግን በየዓመቱ «ይህቺን ሥራ ልጨርስና» ይላቸዋል። የሞቱት አባቱ በወጣትነታቸው ወደዚያ አገር ለንግድ ሲወርዱ ያዩትን፣ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ገደል ሲገቡ፣ ለሚስታቸው እያወሩ ኖረዋል። እማማ ወለተሰንበት «አንድ ቀን አሳየኝ» ያሉት ለልጃቸው ነው። አራት ጊዜ ቀን ተቆረጠ፤ አራት ጊዜ እንግዳ መጣ።

ዓይናቸውም እንደዚያው። መጀመሪያ ደመና መሰላቸው። ሐኪም ዘንድ እወስድሻለሁ አለ፣ ከበዓል በኋላ። ከዚያ ከክረምት በኋላ። ሲወስዳቸው ግራዋ አልቆላት ነበር። ያን ማታ ልደታ ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «እኔ ነኝ ያጠፋኋት» አለ። ፀሐይቱ «እግዜር ያመጣው ነው» ልትለው ፈልጋ አልቻለችም፤ እውነቱን ነበር። «አንዷ ትበቃቸዋለች» አለችው። «እሷን አድርስላቸው።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ቀጠሮ አስያዘ፣ ራሱ ወሰዳቸው፣ ድርጅቱን ለምኖ መኪናውን ለቅዳሜ አስፈቀደ። ካለፈው ወር የቀን መቁጠሪያ አንድ ቅጠል ገንጥሎ በጀርባው ጉዞውን ጻፈ። ቅጠሉ አሁንም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ሰው ሁሉ እያለፈ ያየዋል፣ ማንም አያነበውም። *ከልደታ 11 ሰዓት። ቲያ ቆም ብለን ሻይ። ቡኢ፣ እማዬ — ቁርስ ሳትበላ እንዳትነሣ። ቡታጅራ ነዳጅ። ምሳ ሆሳዕና፣ አጥንት እንዳይኖረው። ትራስ ለጀርባዋ። ጃንጥላ ትልቁ። ጠብታ!!* ከሥሩ ደግሞ፦ *ፀሐይቱ ቢጫውን ትልበስ፣ እማዬ ከሩቅ እንድታያት።*

እማማ ወለተሰንበት የምራታቸውን ፊት አያውቁትም። ከሦስት ዓመት በፊት ሲጋቡ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። በሠርጉ ዕለት ፊቷን በእጃቸው ዳበሷት፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ ቀስ ብለው። «ጉንጭሽ ሞላ ያለ ነው፣ ቆንጆ ነሽ» አሏት። በኋላ ፀሐይቱ በሱፍቃድን «ለምን ትዋሻቸዋለህ፣ ቆንጆ ናት ብለህ ነግረሃቸዋል» ስትለው «እኔ ምንም አላልኩም፣ እጇ ነው የነገራት» ብሎ ሳቀ።

አርብ ከሰዓት በኋላ እንደገና ደወሉ። ፀሐይቱ ሻወር ቤት ገባች፣ ፈገግ አለች።

«ተፈታልኝ! ፀሐይቱ፣ ተፈታልኝ!» አሮጊቷ እንደ ልጅ ይጮኻሉ። «የወይንሀረግን ጥርስ አየሁት! አንዱ ወልቋል፣ ማንም አልነገረኝም! ሐኪሙ ጨርሰሻል ብሎኛል፣ ጠብታው ብቻ ነው የቀረው። ካንጠባጠብኩ በኋላ አምስት ደቂቃ ጨፍኜ መቆየት ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ልጄ ገባ?»

«እየመጣ ነው፣ እማማ።»

«ቢጫ ትለብሻለሽ አይደል? እሱ ነው የነገረኝ። ዛሬ ሙሉ ቀን ቢጫ ስፈልግ ነው የዋልኩት። ቢጫ እንዴት እንደሆነ ረስቼው ነበር።»

ፀሐይቱ ስልኩን ዘጋች። ስትወጣ ጋሽ ወልደገብርኤል ሳሎን ተቀምጠው ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ስለ ነገው ይነጋገሩ ነበር። ድርጅቱ ያንኑ መኪና ፈቅዷል፣ የሚነዳው የበሱፍቃድ ባልደረባ ነው። ጋሽ ወልደገብርኤል መነጽራቸውን አድርገው ፍሪጁ ላይ ያለውን ቅጠል እያነበቡ ሰዓት ያሰላሉ። የሟችን የሽርሽር ጉዞ ለመርዶው ተዋሱት።

«ጋሼ» አለች ፀሐይቱ፣ «መጀመሪያ አጆራን አይተው፣ ከዚያ ቢነገራቸውስ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ገደል አፋፍ ላይ መርዶ ይነገራል? ልጇ አፈር ገብቶ እሷ ውኃ ዓይታ ብትስቅ፣ በኋላ ያችን ሳቅ ምን ታደርጋታለች? ዕድሜዋን ሙሉ ይበላታል።»

ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው አናደዳት።

«እንግዲያው ጥቁር ለብሼ አልሄድም። ቢጫውን ነው የምለብሰው።»

«ምን? ባልሽ ሳምንት ሳይሞላው? ሰው ምን ይላል? እስካሁንም የሚሉትን ሰምቻለሁ።»

«የተሠራው የሰው ዓይን አይደለም፣ ጋሼ። የእሳቸው ነው። መጀመሪያ የሚያዩኝ ጥቁር ለብሼ ከሆነ ፊቴን ሳያዩ መርዶውን ያዩታል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ነጅማ ከማድ ቤት ካውያ ይዛ ወጣች፤ ማንንም ሳታስፈቅድ ሶኬት ፈለገች።

ቅዳሜ እንደተጻፈው ተነሡ። ቲያ ላይ ሻይ የጠጣ የለም። መኪናው ውስጥ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፤ የጀርባ ትራሱ በፀሐይቱ ጭን ላይ ነበር። አስፋልቱ ዳር የሚሄዱት ሰዎች በጠዋቱ ቢጫ ለብሳ ወደ ሠርግ የምትሄድ መስላቸው ይሆናል።

ቡኢ ሲደርሱ ፀሐይ ወጥቷል። እማማ ወለተሰንበት ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል፣ አዲስ ነጠላ ደርበዋል፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ እግራቸው ሥር አስጠግተዋል። ወይንሀረግ ከኋላቸው በሩን ይዛ ቆማለች። መኪናውን ሲያዩ ተነሡ።

ፀሐይቱ ቀድማ ወረደች።

«ቢጫ!» አሉ። እጃቸውን ዘረጉ። «መጣችልኝ! ኧረ አንቺ፣ ጉንጭሽ እንደነገርኩሽ ነው! ትንሽ ከሳሽ እንጂ...»

ሳቁ። ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግረው ወደ መኪናው አዩ። የሾፌሩ በር ተከፈተ። የወረደው ሌላ ሰው ነው። ከኋላ በር ወንድማቸው ወረዱ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፤ ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ከዚያ ሌላ። ሦስቱም ባርኔጣቸውን አወለቁና መሬት መሬት እያዩ ቆሙ።

በዚህ አገር፣ በማለዳ፣ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ደጅ ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። አንድ ዓይንም ይበቃል።

የእማማ ወለተሰንበት ከንፈር ሳቁን እንደያዘ ቀረ። ወደ በርጩማው ቀስ ብለው ተመለሱና ተቀመጡ። ወንድማቸው አንድ እርምጃ ቀረብ ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ እጃቸውን አነሡባቸው።

«ቆይ» አሉ። «ጠብታዬ ሰዓቱ ደርሷል። መጀመሪያ ጠብታዬን ፀሐይቱ ታድርግልኝ።»

ወይንሀረግ ብልቃጡን አመጣች። ፀሐይቱ ትራሱን ከጀርባቸው አደረገች፣ ጭንቅላታቸውን ቀና አድርጋ ያዘች።  አንዲት ጠብታ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አምስት ደቂቃ ነው» አሉ። «ሐኪሙ ነው ያለው። አምስት ደቂቃ ማንም እንዳያናግረኝ።»

ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁ። ከአስፋልቱ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። የሆነ ቤት ዶሮ ይጮኻል። ማንም ሰዓቱን አላየም።

እማማ ወለተሰንበት እንደጨፈኑ እጃቸውን ዘረጉና የፀሐይቱን ፊት አገኙት። ከግንባሯ ጀመሩ፣ እንደ ሠርጉ ዕለት፣ ቀስ ብለው። ቅንድቧን ዳበሱ። ጉንጯ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው በእንባ ራሰ፣ ቆመ። ሳምንቱን ሙሉ ያልወረደው ሁሉ ድምፅ ሳያሰማ በአሮጊቷ ጣቶች መሐል ይወርድ ነበር።

እጃቸውን አላነሡም። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ የነጠላቸውን ጥለት በሌላ እጃቸው ፈልገው የምራታቸውን ጉንጭ ያብሱላት ጀመር።